ናፍጣ የቀመሰች የወፍ ጠመንጃ

ዘመኑን በትክክል አላስታውሰውም። ደርግ ከወደቀ በኋላ መሆኑን አውቃለሁ፤ ከተማችን በወረቀት ላይ ጭሮ ሆና እኛ ግን አፋችን አልለመደልንም፣ ገና አሰበ ተፈሪ እንላት ነበር። ከዚያ ወዲያ አጥብቃችሁ ብትጠይቁኝ ዝናቡ ዘግይቶ ማሽላው የጨነገፈበት ዓመት ነው እላችኋለሁ። እሱም አይረዳችሁም፣ በእኛ አገር እንዲህ ያለው ዓመት አንድ ብቻ አይደለም። እኔ በሌላ ነው የማውቀው። ባለቤቴ ከሞተች በኋላ የመጣው የመጀመሪያው በጋ ነው።

የምተዳደረው ኢላማ በማስተኮስ ነበር። በገበያ ቀን ከመስጊዱ ዝቅ ብሎ ባለው ግንብ ላይ ሰሌዳዬን አስደግፋለሁ። ሰሌዳው ላይ ከረሜላ፣ ብስኩት፣ የተነፋ ፊኛ፣ የክብሪት እንጨት ሳይቀር እሰቅላለሁ። ሰው ራቅ ብሎ ቆሞ በወፍ ጠመንጃ ይተኩሳል። የመታ የመታውን ይወስዳል፣ የሳተ ይሰደባል። ጫታቸውን ሸጠው የጨረሱ ገበሬዎች፣ የመኪና ረዳቶች፣ ለአረፋም ለጥምቀትም አዲስ ልብስ የለበሱ ጎረምሶች፣ ሁሉም ደንበኞቼ ነበሩ። አንዳንዴም ጠመንጃዋን በጆንያ ጠቅልዬ በጭነት መኪና ወደ በደሳ ወይም ወደ ቦኬ ገበያ እሄዳለሁ።

ቀድሞ ሲጋራም እሰቅል ነበር። ወንጌልን ከተቀበልኩ በኋላ ተውኩት። ያን ጊዜ የሰማሁት ስድብ!

«ኧረ አቦ፣ ጴንጤው! ሲጋራ ከሌለ ምኑን ልምታው? ከረሜላ በልቼ መዝሙር ልዘምርልህ?»

«ዘምርልኝ» እለዋለሁ። «ከተኩስህ መዝሙርህ ሳይሻል አይቀርም።»

ሰው ይስቃል። እንዲህ ነበር የምንውለው። ጌታ ልጅ አልሰጠንም፣ ዘመድም ብዙ አልነበረንም፤ ከሰው ጋር የሚያገናኘኝ ያ ሰሌዳና ያቺ ጠመንጃ ነበሩ።

ስለ ጠመንጃዋ ትንሽ ልንገራችሁ። ያገኘኋት ከሚኤሶ ነው። ባቡር ጣቢያ ይሠሩ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው የሰጡኝ፤ እሳቸው ደግሞ አገሩን ጥሎ ከሚሄድ ፈረንጅ ነው ያገኟት። ጀርባዋ ላይ የተቀረጸ የፈረንጅ ጽሑፍ ነበረባት። ነገር ግን ከእኔ በፊት የያዛት ሰው ዝገቱን አጠፋለሁ ብሎ በብርጭቆ ወረቀት ሲፈትጋት ጽሑፉንም አብሮ ፈተገው። የቀረው ከአፈሙዟ ሥር፣ ስትታጠፍ ብቻ የሚታይ ቁጥር ነው። ሽማግሌው የቤልጂግ ናት ይሉ ነበር። ሌላው የጀርመን፣ ሌላው የቼክ ይላል። ሰደፏ አንገቱ ላይ ተሰብሮ በደሳ ያለ አናጢ በዋንዛ እንጨት ሠርቶላታል፤ ስለዚህ በእንጨቷ እንኳ የሚለያት አልነበረም። እኔ እንደሆንኩ ፊደል ብዙም አልቆጠርኩም። የማውቃት በእጄ ነው። ወደ ግራ ታጋድላለች። ስትታጠፍ መጀመሪያ ትንሽ እምቢ ትልና ድንገት እሺ ትላለች። በጨለማ ብትሰጡኝ አውቃታለሁ።

ውስጧ ባሩድ የለም። አፈሙዟን አጥፈው ሲያቀባብሉ ሞላው ይጨመቃል፤ ቃታውን ሲስቡ ሞላው ፒስተኑን ይወረውረዋል፣ ፒስተኑ አየሩን ይገፋል፣ አየሩ የእርሳሷን ፍሬ ይተፋታል። በቃ ይኸው ነው። ነገሩን ሁሉ የያዘችው ግን ከፒስተኑ ጫፍ የምትቀመጥ፣ እንደ ሲኒ የጎደጎደች ትንሽ ቆዳ ናት። ቆዳዋ ከደረቀች አየሩ በጎን ያፈተልካል፣ ጠመንጃዋም እንደ አሮጊት ታስነጥሳለች እንጂ አትተኩስም።

ያቺን ቆዳ የምትቆርጠው ባለቤቴ ነበረች። የኮርቻ ሠሪ ልጅ ናት። በዚህም ምክንያት ሰው ብዙ ነገር ብሏታል፤ ስንጋባ የእኔም ዘመዶች «ከቆዳ ፋቂ ቤት!» ብለው ሰርጋችንን ሳይረግጡ ቀርተዋል። እሷ ግን ከአባቷ የወረሰችው ነገር ቢኖር እጅ ነው። ያረጀ የኮርቻ ክንፍ ታመጣና ከየት በኩል እንደሚቆረጥ በአውራ ጣቷ እየጫነች ትፈልጋለች። ቆርጣ ውሃ ውስጥ ትነክራለች። ሲለሰልስ በሲኒ ውስጥ በክብ እንጨት ተጭና ቅርጹን ታስይዘዋለች፣ ጥላ ላይ ታደርቀዋለች። ከዚያ የበግ ላት አቅልጣ፣ አጥልላ፣ እዚያ ውስጥ ታሳድረዋለች። እኔ ስቸኩል «ተው፣ ቆዳ ሲቸኩሉበት ይቀየማል» ትለኛለች። ከላቱ የተረፈውን በቆርቆሮ ታስቀምጥልኝ ነበር። በገበያ ዋዜማ ጠመንጃዋን አጥፌ በአየር ማስወጫዋ ቀዳዳ አንዲት ጠብታ የሞቀ ላት አንጠባጥባለሁ፤ አፈሙዟን ወደ ላይ አድርጌ ከበሩ ኋላ አስደግፋታለሁ። ላቱ ቀስ ብሎ ወርዶ ቆዳዋን ያጠጣታል። ጠዋት ስትተኮስ ድምፅዋ መጽሐፍ እንደመዝጋት ነው፣ ጧ! ከዚያ አያልፍም።

ባለቤቴ ሆዷን ታማ አልጋ ከያዘች በኋላ አንድ ቀን ተነሥታ ተቀመጠችና ኮርቻውን አምጣልኝ አለችኝ። ተይ ብላት እምቢ አለች። ስትቆርጥ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ግን አልሳተችም። ሲያልቅ ወደ ብርሃኑ ይዛ አየቻትና «ይቺን ከወፍራሙ ወገን ነው የቆረጥኳት። ቶሎ አታስቸግርህም» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ቆዳ አልቆረጠችም። ብዙም አልቆየች።

ቀብሯ ካለፈ በኋላ ቤቱ ውስጥ የእሷ የሆነው ነገር በየተራ ከቤት ወጣ። ልብሷን እህቷ ወሰደች። የመቁረጫ ቢላዋዋን የት እንዳኖርኩት እስከ ዛሬ አላገኘሁትም። ያቺ ቆዳ ግን ጠመንጃዋ ውስጥ ነበረች፤ በተኮስኩ ቁጥር እሷ ናት ጧ የምትለው። ይህንን ለማንም አልተናገርኩም። እንደ እብድ እንዳያዩኝ ፈርቼ ነው።

እንግዲህ በዚያ በጋ የቀበሌ ሰዎች በድምፅ ማጉያ እየዞሩ «መሣሪያ ያለው ሁሉ ቀበሌ አምጥቶ ያስመዝግብ» አሉ። ጎረቤቴ አንድ የቀድሞ ወታደር ነበር፤ ከሠራዊቱ ተበትኖ መጥቶ የቡና መጋዘን የሚጠብቅ። ጠመንጃዋን በጆንያ ስጠቀልል አየኝ።

«የት ልትወስዳት ነው?»

«ላስመዘግባት።»

«አንተ ሰውዬ፣ የወፍ ጠመንጃ እኮ ናት! ማን ጠየቀህ?»

«ጠመንጃ ትባላለች። መሣሪያ ያለው ነው የተባለው።»

«እኔ በሕይወቴ» አለኝ፣ «በራሱ እግር ቄራ የሚሄድ በግ አይቼ አላውቅም።»

ሄድኩ። ያልተመዘገበ ነገር ይዤ በገበያ መሐል መቆም ስላልፈለግሁ ነው እንጂ ጀግንነትም የዋህነትም አልነበረም። መዝጋቢው ልጅ እግር ነው፤ ጨዋ ነው፣ ክፉ አልተናገረኝም።

«ስሪቷ የት ነው?»

«አላውቅም ልጄ። የአየር ናት። ባሩድ የላትም።»

«የምን አገር እንደሆነች ካላወቁ በምን ልመዝግባት?»

«ጻፈው፣ የአየር ናት ብለህ።»

ጭንቅላቱን አከከ። «ትቆይ አባባ። የሚያውቅ ሰው ሲመጣ ይታያል።» ከሌሎቹ ጋር መጋዘን አስገባት። እኔም ባዶ ጆንያ ይዤ ወጣሁ።

የሚያውቅ ሰው ቶሎ አልመጣም። እየተመላለስኩ እጠይቃለሁ፣ «ገና ነው» ይሉኛል። በገበያ ቀን ሰሌዳዬን ይዤ አልወጣም፤ በጠመንጃ ፋንታ ድንጋይ አላስወረውር! ቤት መዋል ጀመርኩ። መጀመሪያ ሰው «ምነው ጠፋህ?» ይል ነበር። ቀጥሎ መጠየቁንም ተወው። ጠዋት ስነቃ የምነሣበት ምክንያት አጣሁ። ከቤተ ክርስቲያን ወንድሞች መጥተው ይጸልዩልኛል፤ «ጌታ በሌላ መንገድ ይባርክሃል» ይሉኛል። አሜን እላለሁ። ግን ልቤ ያለው መጋዘኑ ውስጥ ነው። ላት ያልቀመሰች ቆዳ በዚያ በጋ ምን እንደምትሆን አስባለሁ። ትደርቃለች፣ ትሰነጠቃለች። ባለቤቴን ሁለተኛ ጊዜ እያስታመምኩ መሰለኝ፤ ያውም አጠገቧ ሳልሆን።

በመጨረሻ አንድ ቀን ጠሩኝ። አንድ መነጽር ያደረጉ ኃላፊ መጥተዋል፣ ነገ ሽማግሌዎች ባሉበት ተኩሰህ አሳይ፣ የአየር ከሆነች ትወስዳታለህ ተባልኩ። ዛሬ ግቢው ውስጥ ሆነህ ጥረጋት ብለው መጋዘኑን ከፈቱልኝ። ጠመንጃው እንደ እንጨት ተከምሯል፤ ጨለማ ነው። መዝጋቢው ልጅ «የትኛዋ ናት?» አለኝ። እጄን ሰድጄ ከሥር አወጣኋት። «እንዴት አወቁ?» አለኝ። ምን ብዬ ልንገረው?

ወደ ብርሃን ሳወጣት ዝጋለች። ላጥፋት ብሞክር እምቢ አለች፤ እንደ ድሮው ትንሽ እምቢ ብላ እሺ የምትል አይደለችም፣ ጭራሽ እምቢ አለች። የላቱን ቆርቆሮ ከቤት አምጥቼ ነበር። ስከፍተው ባዶ ነው። እንዴት እንደረሳሁት እንጃ፤ እሷ ከሞተች ወዲህ በቤቱ ላት ያቀለጠ ሰው አልነበረም።

ወታደሩ ጎረቤቴ ሊረዳኝ አብሮኝ መጥቷል። በጠርሙስ ናፍጣ ይዟል።

«ይኸው። በዚህ እጠባት።»

«እኔ በላት ነው የማደርገው።»

«በላት? ጠመንጃ ልትጠርግ ነው ወይስ ወጥ ልትሠራ? እኔ ስንት ዘመን በረሃ ላይ መሣሪያ ያጠብኩት በምን ይመስልሃል? ናፍጣ ነው ዝገት የሚበላ!»

እውነት ለመናገር ዝገቱን እንደ ጉድ አነሣው። አፈሙዟ ተፍታታች፣ ሞላዋ ጮኸ። ደስ አለኝ። እሱም ደስ አለው፤ ለሰው የሚጠቅም ነገር ከሠራ ቆይቶ ነበርና ፊቱ በራ። እኔም እንደለመድኩት፣ በላቱ ፋንታ፣ በአየር ማስወጫዋ ቀዳዳ ናፍጣውን አንጠባጠብኩላት። ደርቃለች ብዬ ከልማዴ አብዝቼ ነው። አፈሙዟን ወደ ላይ አድርጌ በመዝጋቢው ልጅ ቢሮ በር ላይ አስደገፍኳትና ወደ ቤቴ ሄድኩ። የወታደር ጠመንጃ በናፍጣ ይታጠባል፣ ይህ እውነት ነው። የእኔዋ ግን የወታደር ጠመንጃ አልነበረችም። ሁለታችንም ያን አላሰብንም።

በማግስቱ ግቢው ሞልቷል። ሽማግሌዎቹ በአግዳሚው ላይ ተደርድረዋል። የቲማቲም ድልህ ጣሳ ግንቡ ላይ አስቀመጡልኝ።

ኃላፊው «ድምፅዋ እንዴት ነው?» አሉኝ።

«መጽሐፍ እንደመዝጋት ነው ጌታዬ። ጢስ የላትም፣ እሳት የላትም።»

አቀባበልኩ። አነጣጠርኩ። ቃታውን ሳብኩ።

ምን ልበላችሁ። የሰማሁት ድምፅ በሕይወቴ ከዚያች ጠመንጃ ሰምቼው የማላውቀው ነው። ግቢው ተሰነጠቀ። ከአፈሙዟ ሰማያዊ ጢስ ቦለቀ። ዶሮዎቹ አጥሩን ዘለው ሄዱ፤ አንድ ሽማግሌ ከአግዳሚው ሥር ገቡ፤ በር ላይ የቆመው ሚሊሻ መሣሪያውን ከትከሻው አወረደ። ጣሳው ተበስቷል። ጢሱ ፊቴ ላይ ሲያልፍ ከናፍጣው ሽታ በታች ሌላ ሽታ ሸተተኝ፤ የፍየል ጭንቅላት በእሳት ሲለበለብ የሚሸት ዓይነት።

ኃላፊው መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። «ጢስ የላትም ነው ያልከው?»

አንድ ሰው ከኋላ ሳቀ። ሽማግሌው ከአግዳሚው ሥር ሆነው «ባሩድ ነው! እኔ የባሩድ ድምፅ ልታስተምሩኝ ነው?» አሉ። ወታደሩን በዓይኔ ፈለግሁት፤ አንገቱን ደፍቶ መሬት ያያል። ጠመንጃዋን ከእጄ ወስደው መልሰው መጋዘን አስገቧት። ክስም ሆነ እስር አልነበረም፤ ሂድ ብቻ ነው ያሉኝ። ግን በሽማግሌ ፊት ዋሽቶ የተያዘ ሰው ሆኜ ነው የወጣሁት። እስከ ማታ ወሬው ገበያውን አዳረሰው። «ጴንጤው በከረሜላ ውስጥ ባሩድ ደብቆ!» ይሉ ነበር። ሌላ ጊዜ ቢሆን እኔም በሳቅኩ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት በደንብ አላስታውስም። ተኝቻለሁ። መብል አላሰኘኝም። ለመጸለይ እንበረከክና የምለው ይጠፋኛል። ወታደሩ መጥቶ በር ላይ ይቆማል፣ ሳይገባ ይመለሳል። አልተቀየምኩትም፤ ለመናገር አቅም አጥቼ ነው።

ከሰሌዳዬ አጠገብ ዣንጥላ ዘርግታ ጫት የምትሸጥ ሴት ነበረች። ሙስሊም ናት፤ አማርኛን ያወቀችው ገበያ ላይ ስለሆነ አንዴ እርስዎ፣ አንዴ አንተ እያለች ነው የምታናግረኝ። ለዓመታት ጎን ለጎን ቆመናል። እኔ ከረሜላ ስጨርስ ታበድረኛለች፣ እሷ ስትሰግድ ጫቷን እጠብቅላታለሁ። አንድ ቀን በሬን ገፋ አድርጋ ገባች። ጨለማውን አየች፣ አልጋውን አየች።

«ማሎ ጋሼ! ሞተው ነው? ከሞቱ ንገሩኝ፣ ሰው ልጥራ።»

«አልሞትኩም።»

«እንግዲያ ይነሡ። ወላሂ ያ ግንብ ባዶውን ያስፈራል። ሰዉ ሁሉ እኔ ላይ ተደግፎ ጫቴን ያበላሽብኛል።» ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ምን ጨመርክበት?» አለችኝ።

«ናፍጣ።»

«ስንት ዘመን ላት ስታበላት ኖረህ?»

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

«ታዲያ ናፍጣው ነው የነደደው። ኩራዝ ላምባው ሲያልቅ አይጠፋም? ናፍጣው እስኪያልቅ ተኩስ። ያኔ ጢስ የለ፣ ምን የለ። ያያሉ!»

ይህን እኔም ተኝቼ አስቤው ነበር፤ የተጨመቀ አየር ሲግል ናፍጣን ያቀጣጥላል፣ እንደ መኪና ሞተር። ከአልጋ ያላስነሣኝም ይኸው ነው። «አይሆንም» አልኳት።

«ለምን?»

«ቆዳዋ ትቃጠላለች።»

«የቱ ቆዳ?»

ነገርኳት። ለማንም ያልተናገርኩትን ያኔ ነው የተናገርኩት፤ ኮርቻውን፣ የሚንቀጠቀጠውን እጅ፣ ከወፍራሙ ወገን ያለችውን። በመጀመሪያው ተኩስ የሸተተኝንም ነገርኳት። በተኮስኩ ቁጥር እሷን ማቃጠል ነው፤ ካልተኮስኩ ደግሞ ጠመንጃዋ አትመለስም። ሴትየዋ ከበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አለች።

«እኔ ባሌን ስቀብር» አለች፣ «ኮፍያውን ደብቄ አስቀረሁ። ብል በላው። ሳጥን ውስጥ፣ ተቆልፎበት።» ተነሣችና ቀሚሷን አራገፈች። «እዚያ መጋዘን ውስጥም ትበሰብሳለች ጋሼ። አንተም እዚህ ትበሰብሳለህ። እኔ ለሁለታችሁ አልቅሼ አልችልም።»

በማግስቱ ዣንጥላዋን ለሰው ሰጥታ ይዛኝ ሄደች። ኃላፊው ሥራ በዝቶባቸዋል። እሷ በር ላይ ቁጭ ብላ ለገባ ለወጣው ሁሉ ስለ እኔ ስትናገር ዋለች፤ በኦሮምኛም በአማርኛም። በመጨረሻ ኃላፊው ራሳቸው ወጡ።

«እመቤቴ፣ ምን ይሻላል?»

«ደግሞ ይተኩስ። ናፍጣው እስኪያልቅ። ባሩድ ከሆነ አያልቅ፤ ናፍጣ ከሆነ ያልቃል። እኔ አልሄድም።»

ሰውየው ሳቁ። እሷን ለመገላገል ይመስለኛል፣ ጠመንጃዋን አምጡ አሉ።

ተኮስኩ። ያው ጩኸት፣ ያው ጢስ። ያው ሽታም። ሁለተኛ ተኮስኩ፤ ጢሱ ቀነሰ። እንደገና አቀባበልኩ። ጫት ሻጯ ከኋላዬ «ቢስሚላህ፣ በል» ትላለች። ጩኸቱ እየሰለለ፣ ጢሱ እየሳሳ መጣ። ከዚያ አንዲት ተኩስ መጣች፤ ያቺን አልረሳትም። ጧ! አለች፣ መጽሐፍ እንደመዝጋት። ጢስ የለ፣ እሳት የለ። ጣሳው ዘለለና ወደቀ። እንደ ድሮዋ ነበረች፣ ልክ እንደ ድሮዋ። ኃላፊው «እህ!» አሉ። ወደ እሳቸው ዞሬ «በቃ?» አልኳቸው። እዚያ ላይ ብታቆም፣ ከቆዳዋ ትንሽ ብትተርፍልኝ ብዬ ነው።

«እስቲ ለእኔም» አሉና ከእጄ ተቀበሉኝ። ተኩሰው ሳቱ። መዝጋቢው ልጅ ቀጠለ፣ ሚሊሻው ቀጠለ፤ ከአግዳሚው ሥር የገቡት ሽማግሌ እንኳ ያን ቀን ነበሩና ተነሥተው ተኮሱ። ግቢው እንደ ገበያ ቀን ሳቅ በሳቅ ሆነ። እየተሰዳደቡ ነበር፤ «በቅርብህ ያለውን ጣሳ የሳትክ፣ አንተ ነህ ከተማ የምትጠብቅ?» ይባባላሉ። በእኔ ሰሌዳ ፊት ስንት ጊዜ የሰማሁት ጨዋታ ነው። እኔ ግን ድምፅዋን ነበር የማዳምጠው። ጧ የነበረው ጥፍ ሆነ፣ ጥፍ የነበረው ፍስ ሆነ። በመጨረሻ የእርሳሷ ፍሬ ከአፈሙዟ ወጥታ የሚሊሻው ጫማ ላይ ወደቀች።

«ይቺን ፈርተን ነው እንዴ!» አለ እሱ፣ ዓይኑ እንባ እስኪያቀርር እየሳቀ።

ኃላፊው ጠመንጃዋን በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። «ይቅርታ አባባ። ይውሰዷት፣ የአየር ናት» አሉኝ። ቅን ሰው ነበሩ።

እቤት ደርሼ ብሎኖቿን በካቻቢቴ ፈታሁ። ሞላውን አወጣሁ፣ ፒስተኑን አወጣሁ። ቆዳዋ ጠቁራለች። ጫፏን በጣቴ ስነካት እንደ ደረቀ ቅጠል ፍርክስ አለች። ከሥር፣ ብሎኑ ከያዛት ቦታ፣ የባለቤቴ ቢላዋ የዞረበት ጠርዝ ትንሽ ይታይ ነበር። ልይዘው ስል እሱም ረገፈ።

ከዚያ ወዲያ ሞክሬአለሁ። ከቀበቶ ቆረጥኩ፣ ከጫማ ቆረጥኩ፣ ጫማ ሰፊም አስቆረጥኩ። ላትም አቀለጥኩ፣ በሲኒም ተጫንኩ፤ እሷ ስታደርግ ያየሁትን ሁሉ አደረግሁ። አንዱ ይጠባል፣ ሌላው ይሰፋል፣ ሌላው ባንድ ገበያ ይቀደዳል። የእኔ እጅ አያውቅም። ጠመንጃዋ ስታስነጥስ ሰው መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ ሰለቸው። ሰሌዳውን አንድ የክረምት ወር ፈልጬ አነደድኩት።

አሁን በቅርቡ፣ ዘመኑ ተለውጦ ሁሉ ነገር በስልክ በሆነበት ጊዜ፣ ከድሬዳዋ የመጣ አንድ የድሮ ዕቃ ሰብሳቢ ሰውዬ ጠመንጃዋን ስወለውል አየኝና ከአፈሙዟ ሥር ያለውን ቁጥር አነበበ። ስልኩን ነካክቶ ምስል አሳየኝ። ጀርመን ናት አለኝ፣ ዕድሜዋንም ነገረኝ። ልክ እሷን የምትመስል፣ ጽሑፏ ያልተፈተገ፣ እንጨቷ የራሷ የሆነ ጠመንጃ ስልኩ ውስጥ ታበራለች። «አባባ፣ ይህን ያውቁ ነበር?» አለኝ። አላውቅም ነበር። ያን ጊዜ ባውቅ ኖሮ መዝጋቢው ልጅ በደቂቃ መዝግቦ ይመልስልኝ ነበር። ሽጥልኝ አለኝ፣ አልሸጥኩለትም። መልሼ በጆንያ ጠቀለልኳት። እስከ ዛሬ አፈሙዟን እወለውላለሁ፣ ብሎኖቿን አጠብቃለሁ። ለምን ብላችሁ አትጠይቁኝ። ናፍጣ ግን አላስነካትም።

ያን በጋና ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ በራሴ ብርታት አላለፍኩትም። በጸሎቴ አለፍኩት ብል ደስ ባለኝ፤ ግን አፌ ተዘግቶ ነበር። ጠመንጃዋን ይዤ የተመለስኩ ሰሞን በአንድ የገበያ ቀን ማለዳ በሬ ተንኳኳ። «ጋሼ፣ ጫቴን ፀሐይ እየመታው ነው፣ ውሃ የሚረጭልኝ አጣሁ» አለች ከውጭ። ወጣሁ። ከዣንጥላዋ ሥር ቀድማ በርጩማ አስቀምጣልኛለች። ጫቱ እንዳይጠወልግ ውሃ እየረጨሁ፣ በሙዝ ቅጠል እየጠቀለልኩ ዋልኩ። በሚቀጥለውም ገበያ ጠራችኝ፣ በሚቀጥለውም። የቤተ ክርስቲያን ወንድሞች «ጫት ቤት?» ብለው ሲጠይቁኝ «ውሃ ነው የምረጨው» አልኳቸው። ስለ ቆዳዋ አንድም ቀን አንሥታብኝ አታውቅም። አንዳንዴ እንባዬ ሲመጣ ታይና «ጋሼ፣ ጫቱ በቃው፣ ጨው አትጨምርበት» ትለኝ ነበር።

ማን ደገፈህ ብትሉኝ እሷ ናት፤ ከመስጊዱ ዝቅ ብሎ፣ ከግንቡ አጠገብ ጫት ትሸጥ የነበረችው፣ የባሏን ኮፍያ ብል የበላባት፣ ያቺ ጎረቤቴ።